መጥረግ ሌላ፣ ማጥፋት ሌላ

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት የለመደ ሰው አንድ አመል አያጣውም። ጽሑፍ ሲደራረብበት «ክሊር» ብሎ ይጽፍና ኢንተር ይጫናል፤ በዊንዶውስ ሰፈር ያደገው ደግሞ «ሲኤልኤስ» ይላል። መስኮቱ ባዶ ሲሆን ልብም ቀለል ይላል፤ ያልታረመው ስህተት ባለበት ቢሆንም ቅሉ። በሌለው ሙያ የሚመሰገን ትእዛዝ ቢፈለግ ከዚህ የሚቀድመው ያለ አይመስለኝም። ማጥፋት ሥራው ሆኖ አያውቅምና። ዘሩ ቢቆጠር የሚያደርሰው ገጽ ከሚገፋ ማሽን ዘንድ ነው።

ማጥፋት ምን እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቀው የብራና ጸሐፊ ነው። ከብቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተከለችው በሞጣ ጊዮርጊስ፣ መጽሐፍ ማለት የተወጠረና የተፋቀ ቆዳ ነበር። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ ከቆዳው ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ እምብዛም አይዘልቅም። የተሳሳተ ፊደል በስለት የሚነሣው ለዚህ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ የተፋቀው ቦታ ይሳሳል፣ ይሻክራል፣ እጁ የከበደ ጸሐፊማ ይበሳዋል። መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በጸሎቱ መካከል የተጻፈው የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ሲገባበት በብዙ የኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ ይታያል። የርስትና የጉልት ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይሰፍር በነበረበት አገር፣ ስለት የያዘ እጅ መሬትም ሊፍቅ ይችል ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ፋቂው ያሰበውን ያህል አልተሳካለትም፤ የዛሬ መርማሪ አልትራቫዮሌት ብርሃን ቢያበራበት የተፋቀው ስም ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ።

ኮምፒዩተር ሀሳቡን የሚናገርበትን ልማድ ያገኘው ግን መፋቅ በማይቻልበት ነገር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 ስክሪን የለውም፤ ሰው የጻፈውንም ማሽኑ የመለሰውንም በጥቅል ወረቀት ላይ እያተመ ወደ ላይ ይገፋል። የታተመውን ማን ይመልሰዋል? ማድረግ የሚቻለው ወረቀቱን ገፍቶ ንጹሕ ቦታ መጀመር ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አስኪ የተባለው የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ለዚሁ ጉዳይ ቁጥር 12ን መደበ፤ ትርጉሙም «ወረቀቱን እስከ ቀጣዩ ገጽ ግፋ» ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ 12ኛዋ ኤል ስለሆነች፣ ኮንትሮልን ከኤል ጋር የተጫነ ሰው ይህንኑ ቁጥር ይልካል። ዛሬ በሊኑክስ እነዚህ ሁለት ቁልፎች መስኮቱን ባዶ የሚያደርጉት በዚህ ውርስ ነው። ማስረጃ የሚጠይቅ ካለ የፕሮግራመሩን የቢል ጆይን ቪአይ የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ይክፈት፤ እዚያ ይኸው ቁልፍ ምንም አያጠፋም፣ የተዘበራረቀውን ገጽ እንደ አዲስ ይስላል።

ስክሪን ከመጣም በኋላ ነገሩ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ100 የተባለ ባለ ስክሪን ማሽን በአንድ ጊዜ 24 መስመር፣ በመስመር 80 ፊደል ያሳያል፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ ለየማሽናቸው የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው። ቢል ጆይ ይህን ባቢሎን ለማስታረቅ በበርክሌይ ተርምካፕ የተባለ መዝገብ አዘጋጀ። ክሊር ወደዚህ ዓይነቱ መዝገብ ይሄዳል፣ የማሽኑን ዓይነት ያያል፣ ተገቢውን ምልክት ይልካል፤ ሙያው ይኸው ነው። ለቪቲ100 የሚላከው ጥቂት ምልክት ብቻ ሲሆን የሚለውም «ወደ ላይኛው ጥግ ሂድ፣ የሚታየውን ባዶ አድርግ» ነው። የማሽኑ ዓይነት ካልተነገረው አላውቅም ብሎ እጁን ይሰበስባል። መልእክተኛ እንጂ ባለሙያ አይደለም።

«ታዲያ ምን ይሁን? ሰው የሚፈልገው ዓይኑን ማሳረፍ ነው» የሚል አይጠፋም። በገዛ ኮምፒዩተሩ ከሆነ እኔም አልሟገተውም። ሞጣም ሆነ ብቸና፣ አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ሠራተኛ ወይም ለተራ ጠባቂ ተማሪ በሚዳረስበት ክፍል ግን ሌላ ነው። የይለፍ ቃሉን ከትእዛዙ ጋር በግልጽ ጽፎ ክሊር ያለ ሰው ደበቅሁ ብሎ ይነሣል፤ ተተኪው መስኮቱን ወደ ላይ ሲያንሸራትት ሊያገኘው ይችላል። ሌላው ተከራካሪ ደግሞ አዲሱ የሊኑክስ ክሊር ወደ ላይ ያለፈውንም እንደሚያነሣ ይነግረኛል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ያ ሥራ ቆይቶ በሌላ ምልክት የተጨመረ ነው፤ የድሮው በምልክቱ ውስጥ 2 ይላል፣ ይህኛው 3፤ የማይታዘዘው መስኮትም አለ። ቢታዘዝ እንኳ ባሽ የተባለው የትእዛዝ ተቀባይ የተጻፈለትን እየመዘገበ፣ በተለመደው አሠራር ሲዘጋ ወደ ፋይል ያስገባዋል። ክሊር ይህን ፋይል አይነካም። እንዲያውም ፋይሉን የከፈተ ሰው ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ ባለው መስመር የሚያገኘው «ክሊር» የሚለውን ትእዛዝ ነው፤ የትኛው መስመር እንዲደበቅ እንደተፈለገ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ጠቋሚ አያሻውም።