ደወሉ ሲጮህ ዘፈኑ ዝም ይበል

ጂቡቲ ከተማ ውስጥ የሐበሻ ሰርግ የት እንዳለ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ዘፈኑ ራሱ ይመራችኋል። ሙቀቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኤሲ ይከፈታል፣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ እስፒከሩ ውስጥ ያስተጋባል።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ባለ አዳራሽ ተጠርቼ ሳለ ከኩሽና በኩል ጭስ ተነሳና የእሳት ደወሉ ጮኸ። ማን ይስማው? እስክስታው ቀጠለ። ዲጄው ጭራሽ ድምፅ ጨመረ። ያዳኑን አንዲት እናት ናቸው፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው መጡና የእስፒከሩን ሶኬት ነቀሉት። ደግነቱ የተቃጠለው ዘይት ብቻ ነበር።

በኋላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ያገራችንን ልጅ ጠየቅሁት። ለካ መላ አለው! ከደወሉ ሳጥን ውስጥ ካለች ሪሌይ የምትባል ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ቀጭን ሽቦ ወደ አምፕሊፋየሩ ይዘረጋል። በደህናው ጊዜ መስመሩ አይቋረጥም። ደወሉ ሲነሳ ይቋረጣል፣ ዘፈኑም በራሱ ጸጥ ይላል። አይጥ ሽቦውን ብትበጥሰውም እንዲሁ ጸጥ ይላል፤ ዕቃው ሲበላሽ እንኳ ለሰው በሚበጀው በኩል ይበላሻል ማለት ነው። ይቺን ነገር ለተማሪዎቼ ሳስረዳ በጣም ወደዷት። መብራቱ ግን አይነካም፣ «ውጡ» የሚለው የሰው ድምፅም አይታፈንም።

የሰው ድምፅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ቤቨርሊ ሂልስ በተባለ የምሽት ክበብ እሳት ተነሳ። አንድ የ18 ዓመት የአስተናጋጅ ረዳት መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ከቀልደኞቹ ማይክ ተቀብሎ መውጫውን ለሕዝቡ አሳየ። 165 ሰው ሞተ፤ በእሱ ቃል የተረፈውም ብዙ ነው።

እንግዲህ አሊ አዴም ሆነ ሆልሆል፣ ድንኳን ጥለን ስንደግስ ደወልም ሪሌይም የለንም። ያለን አንድ ጄኔሬተር ነው፤ አምፖሉም እስፒከሩም ከሱ ነው የሚጎትተው። ስለዚህ እሳት ሲታይ ጄኔሬተሩን አታጥፉ! ልጆችና አረጋውያን በጨለማ የድንኳን ገመድ እየጠለፋቸው ይረጋገጣሉ። ዘፈኑ ብቻ ይጥፋ፣ ማይኩ ይቆይ። የሰርግ ኮሚቴ ወጥ ቤትና አሳላፊ ሲመድብ ለዚህም አንድ ሰው ይመድብ፤ ከዲጄው አጠገብ የሚቀመጥ፣ የማይጠጣ፣ ድምፁ ጎላ ያለ። ማይኩን ይዞም «እሳት!» ብሎ ብቻ እንዳይጮህ፤ በየት በኩል እንደሚወጣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይናገር።