ዝናቡ ሲሄድ የሚዘራው

ማክሰኝትን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝን አልፎ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ እኛ ከተማ ሲደርስ "አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ቀረን" ብሎ ይደሰታል። ውሃ ይገዛል፤ ይሄዳል። እኛ መኪናው ከሄደ በኋላ የምንቀረው ነን። ስለዚህ በመጠበቅ ጉዳይ ከኛ በላይ ላሳር!

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ጓደኛሞች ነን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዓመቱን ተሻግሮ ጥቅምት 2015 ላይ ሲሰጥ ተፈታኞች ነበርን። ተማሪው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ሲፈተን ያ የመጀመሪያው ነው። አንሶላችንን ጠቅልለን ሄድን፣ ተፈተንን፣ ተመለስን። ከዚያ... መጠበቅ።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። የገና ጾም የምንለው ማለት ነው። ነቢያት መሲሑ ይመጣል ብለው በተስፋ የጠበቁት የሚታሰብበት ጾም ነውና ተስማማን። "እነሱ መሲሑን፣ እኛ ውጤት!" እያልን እንቀልድ ነበር። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ጸሎታችን ግን የለየለት የገበያ ድርድር ነበር። አንዳችን ጧፍ ተሳለ። ሌላው ለደብራችን ጃንጥላ አገባለሁ አለ። ሦስተኛውማ ስንት ነጥብ እንደሚፈልግ ሳይቀር ለእግዜር ዘርዝሮ ነገረው።

ውጤቱ ጥር ላይ መጣ። በመላ አገሪቱ ከተፈተነው ተማሪ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ! አራታችንም ከቀሪዎቹ ጋር ነን።

እውነቱን እንናገር... ከእግዚአብሔር ጋር ተኮራረፍን። እሑድ ጠዋት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንሄድና ሳንገባ እንመለሳለን። ሰው "ለበጎ ነው" ባለን ቁጥር ደም ሥራችን ይገተር ነበር። "ለበጎ ነው" ማለት የሚቀለው የሌላ ሰው ልጅ ሲወድቅ ነው!

ጥር ሊያልቅ ሲል የአንዳችን አባት ሽምብራ ልንነቅል ጠሩን። ጋሼ ገበሬ ናቸው። ስለ ፈተናው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ እድሜ ይስጣቸው። "ጤዛው ሳለ ንቀሉ፤ ፀሐይ ከበረታ ይረግፋል" ብለው በሌሊት ማሳው ላይ አሰለፉን። እኛ የከተማ ልጆች ነን ባዮች እሸቱን እየጠረጠርን እንበላለን እንጂ መቼ እንደሚዘራ እንኳ አናውቅም ነበር።

"ጋሼ፣ ይኼ ስንት ዝናብ አግኝቶ ነው እንዲህ ያማረው?" አልናቸው።

"ምን ዝናብ አለው! መስከረም ላይ ዝናቡ ሲሄድ ነው የዘራሁት።"

"ታዲያ በምን በቀለ?"

በእግራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። "ዋልካ ነዋ! ክረምቱን የጠጣውን ይዞ ይቆያል። ይልቅ ንቀሉ፣ ፀሐይ ወጣች።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ስብከት የለም።

እኛ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አወራን። ሰው በመጠበቅ ሲደክም ዮሴፍ ይነገረዋል። በ17 ዓመቱ ተሸጠ፣ በ30 ዓመቱ ፈርዖን ፊት ቆመ፤ 13 ዓመት መሆኑ ነው። ያ ውለታውን የረሳው የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ብቻውን ሁለት ዓመት አስጠብቆታል። ታሪኩ እኛን የሚያጽናናን መጨረሻውን ስለምናውቅ ነው። ዮሴፍ ግን እስር ቤት ሆኖ መጨረሻውን አያውቅም ነበር። ያም ሆኖ የተሰጠውን ሥራ ይሠራ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። በስማቸው የምንጾመው ነቢያት የጠበቁትን ሳያዩ ነው ያረፉት! እኛ ደግሞ በእነሱ ጾም ላይ ቀን ቆርጠን ውጤት እንጠይቅ ነበር። እግዚአብሔርን ማመን ማለት የለመንነው በቀጠሮው ይመጣል ብሎ መወራረድ መስሎን ነበር። አሁን የሚመስለን ሌላ ነው። ዝናቡ ሲሄድ እያየን ከክረምቱ የቀረውን እርጥበት አምነን መዝራት ነው። ምን ያህል እንደቀረ ከላይ ሆኖ አይታይም። ይጎዳል? ይጎዳል። ማመን ሕመሙን አልወሰደልንም፤ እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ ግን ረድቶናል።

ለማንኛውም፣ አንዳችን በማካካሻ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገባ። አንዳችን ሞባይል መጠገን ተማረ። ሁለታችን ድጋሚ ልንፈተን ስንዘጋጅ በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ ጦርነት ተነሳና መንገዱ ይዘጋ ጀመር። መንገደኛውም መጠበቅን ከኛ ተማረ። እኛም እንደገና ጠበቅን። አሁንም ያልመጣልን ነገር ብዙ ነው።

ያ ጃንጥላ የተሳለው ልጅ ሞባይል ጠጋኙ ነው። አንድ መስከረም ላይ ጃንጥላውን ገዝቶ ለደብሩ አስገባ።

"አልደረሰልህ፣ ምን የሚሉት ስለት ነው?" አልነው።

"ስለቱንማ ትቼዋለሁ። ይኼ የምስጋና ነው" አለ።

"ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ ጃንጥላ!" ብለን ሳቅንበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ አብረነው ገባን፤ ቅጥሩ ላይ አልቆምንም።

ቸር ያሰንብተን።