«ይሄ የማን ፊት ነው?»

ፎቶም እንደ አንዳንድ ሰው ሁለት ፊት እንዳለው ታውቃላችሁ? አንዱ ስክሪን ላይ የሚስቅላችሁ፣ ሌላው ወረቀት ላይ የሚያኮርፋችሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ለሙት ዓመቱ ፎቶው ጎላ ብሎ እንዲሰቀል ተወሰነ። በእጃችን ያለችው አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ናት፤ በወጣትነቱ ክራባት አስሮ የተነሳት። ስካን ተደርጋ ኮምፒዩተር ላይ ስትታይ ውበቷ ሌላ ነው። ከፎቶ ቤት ታትማ ስትመጣ ግን አባዬ አረንጓዴ መስሏል፤ ጥቁሩ ኮት ከጀርባው ጨለማ ጋር አንድ ሆኗል። እማዬ አየት አደረገቻትና «ይሄ የማን ፊት ነው? እንዲህ የገረጣው እኮ በመጨረሻው ሳምንት ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ይስቀላት?

የፎቶ ቤቱ ልጅ «ስክሪኑ ላይ ጥሩ ነበር እኮ!» ብሎ ማለ። እውነቱን ነው። ችግሩም እሱው ነው።

ስክሪን ብርሃን ይረጫል፤ ወረቀት ግን ያገኘውን ብርሃን ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ የስክሪኑ ነጭና ጥቁር ከወረቀቱ ጋር በራሱ አይገጥምም። ሁለቱን የሚያስታርቀው ሽማግሌ ፕሮፋይል ይባላል፤ አንድ ስክሪን፣ ወይም አንድ ፕሪንተር ከነወረቀቱና ከነቀለሙ፣ ቀለምን እንዴት እንደሚያሳይ የሚናገር ትንሽ ፋይል ነው። የጋራ ደንቡን የሚያወጣው አይ ሲ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር የተቋቋመው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው።

«ጥቁርና ነጭ ደግሞ ምን ቀለም አለው?» እንዳትሉኝ! ጉዱ እዚያው ነው። ብዙው ፕሪንተር ግራጫን የሚሠራው ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫ ደባልቆ ነው። አንዷ ትንሽ ከበዛች ፊት አረንጓዴ ወይም ሮዝ ይላል። በባለቀለም ፎቶ ትደበቃለች፤ ግራጫ ላይ ግን የት ትግባ? የኛ ጉዳይ ሲጣራ ፕሮግራሙም ፕሪንተሩም ያንኑ ፎቶ በየፊናቸው አስተካክለውታል። ሁለት ሽማግሌዎች በአንዴ ሲናገሩ ደግሞ ዕርቅ የለም። አንዱ ዝም እንዲል ተደርጎ ስትታተም ኮቱ ከጨለማው ተለየ፤ እማዬም «ሚስማር አምጡ» አለች።

እንግዲህ ምክሬን ስሙኝ።

መጀመሪያ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ። ለህትመት ሥራ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ይበቃል፤ የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ካገኛችሁ ያስለኩ።

ሁለተኛ፣ ፎቶ ቤቱን «የዚህን ወረቀት ፕሮፋይል ስጡኝ» በሉ። ፎቶሾፕ በሱ አማካይነት ፎቶው ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያሳያችኋል። ጥቁሩ ሲፈዝ አትደንግጡ፤ የማያብረቀርቅ ወረቀት ጥቁሩ እንደሚያብረቀርቀው አይጠልቅም። ማስተካከያችሁን እዚያው ላይ ሥሩ።

ሦስተኛ፣ ከተቻለ ተጨማሪ ግራጫ ቀለሞች ያሉት ፕሪንተር ፈልጉ።

በመጨረሻ ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊት ትንሽ ቁራጭ አሳትማችሁ በመስኮት ብርሃንም በማታ አምፖልም እዩት። ቀን ግራጫ የነበረው ማታ ሊለወጥ ይችላል።

የወላጆቻችሁ ፎቶ ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ስታሳትሙ ግን ፊታቸውን ሳትቀይሩባቸው! ቸር ሰንብቱ።