ከቢሾፍቱ እስከ አዳማ፦ ቤትም ሜዳም እንዲኖረን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚወርድ መንገደኛ ልብ ብሎ ከተመለከተ አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። ይኸውም፣ ለሁሉም ሰው ቤት ሲሠራ ሁሉም የሚረግጠው ሜዳ የት ይቀራል? የሚል ነው።

በቅድሚያ የምናገኛት ቢሾፍቱ ናት። ሆራ፣ ባቦጋያና ሌሎችም እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሐይቆች አሏት። ይሁንና ዳርቻቸው በብዙ ቦታ በሆቴልና በመዝናኛ አጥር ተይዟል። ልጆቹን ይዞ የሄደ አባት ውኃውን ለማየት አብዛኛውን ጊዜ መግቢያ መክፈል ወይም ሻይ ማዘዝ አለበት። ሕዝብ በየዓመቱ ለኢሬቻ የሚሰበሰብበት የሆራ አርሰዲ ዳርቻ ግን ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ የምንማረው ያልተገነባ ቦታ ሁሉ የጋራ ቦታ አለመሆኑን ነው። ሕዝብ ዘወትር የሚገለገልበት ቦታ ግን ጠባቂ አያጣም።

ሞጆን አልፈን ወደ አዳማ ስንቃረብ በኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ሲሽከረከሩ ይታያሉ። ከተማዋ በኮረብታዎች መካከል በዝቅተኛ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ስሟ በኦሮምኛ «አዳሚ» ከሚባለው ቁልቋል እንደመጣ ይነገራል። በባቡር ጣቢያዋ ዙሪያ ያደገችው ይህች ከተማ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 127,842፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 220,212 ነዋሪ ነበራት። በ12 ዓመት ከ92,000 በላይ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህም ማደጓን አላቆመችም። ይህ ሁሉ ሰው ቤት ይሻል፤ መሻቱም ተገቢ ነው።

ነገር ግን ክረምት ሲገባ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍም መንገድ ይሻል። አፈሩ በቀላሉ የሚሸረሸር በመሆኑ ውኃው ቦረቦር እየቆፈረ ያልፋል። በኮረብታው ግርጌና በቦረቦሩ አፋፍ ያለው ባዶ መሬት ለተመልካች ሥራ ፈት ይመስላል። ጎርፉ ፍጥነቱ የሚበርደውና ወደ መሬት የሚሰርገው ግን እዚያ ነው። ቤት ከተሠራበት ውኃው ዞሮ የጎረቤትን በር ያንኳኳል።

ታዲያ ከተማዋን ወደ ውጭ እንለጥጣት? በዙሪያዋ ያለው መሬት እህል የሚዘራበት ገበሬ አለው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ብዙ ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ አስነሥቶ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ የገበሬ መሬት ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አሳይቷል።

እስቲ ነገሩን ተማሪ እንደሚያሰላው እናስላው። 50 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በ200 ካሬ ሜትር ላይ ቤት ቢሠሩ፣ መንገዱ ሳይቆጠር 10,000 ካሬ ሜትር ወይም አንድ ሄክታር ይሄዳል። እነዚሁ ቤተሰቦች አምስት ወለል ባለው ሕንጻ፣ በየወለሉ አሥር አሥር ሆነው በ60 ካሬ ሜትር ቤት ቢኖሩ፣ ሕንጻው ከነደረጃውና ከነመተላለፊያው የሚያርፈው በ800 ካሬ ሜትር ግድም ላይ ነው። ከ9,000 ካሬ ሜትር በላይ ይተርፋል።

የተረፈው ለማን ተረፈ? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብም በርበሬ ያሰጣል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን ይተክላል፣ ለዒድ በግ ያርዳል። ኮንዶሚኒየሞች ሲነደፉ የጋራ መገልገያ ሕንጻ የታከለላቸውም ይህ ታስቦ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 ባለቤቶቹ በማኅበር ሆነው የጋራ ንብረታቸውን እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። ማኅበሩ ከተኛ ግን ግቢው የመኪና ማቆሚያ ወይም የቆሻሻ መጣያ ይሆናል፤ ልጆቹም ኳሳቸውን ይዘው ባጃጅ ወደሚበርበት አስፋልት ይወጣሉ።

የአገራችን የከተማ ፕላን መርህ ከከተማ መሬት 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 30 በመቶውን ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይመድባል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲከራከሩ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰባት ክንድ እንዲተው መወሰናቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የዒድ ሶላትንም ወደ ሜዳ ወጥተው ይሰግዱ ነበር። የጋራው ድርሻ አስቀድሞ ከተለካ ጠብ አይኖርም። በመጨረሻ ከተለካ ግን የሚተርፈው ቦረቦሩ ብቻ ነው።

በመሆኑም እናቶች፣ አባቶችና ወጣቶች ሆይ! በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ደንግጓል። እንግዲያው ለስብሰባ ስንጠራ ቤት የሚደርሰን መቼ እንደሆነ ከጠየቅን በኋላ ሁለት ጥያቄ እንጨምር፦ የልጆቹ ሜዳ በፕላኑ ላይ የት ነው? የሚጠብቀውስ ማን ነው?