የካዛንቺስዋ ዶሮ ምን ነካት?

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሬ ከቂርቆስ ተነስቼ፣ በመስቀል አደባባይ አድርጌ፣ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ። በእግሬ ነው ታዲያ! ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰፈሩ ብዙው ፈርሷል። የአክስቴ ግቢ ግን ካልፈረሰው ጥግ ላይ አለች።

አክስቴን ቢላዋ ሲስሉ አገኘኋቸው።

«ምነው፣ በደህና?»

«ለዚች ነው!» አሉና ዶሯቸውን አሳዩኝ። አንገቷ ተመልጧል፣ ጭራዋ የለም፤ ጠብ ውላ የመጣች ትመስላለች። «ሦስት ሳምንት እንቁላል የለም! ጥሬዬን እየበላች ላባዋን ታራግፋለች። ሳትሞትብኝ ወጥ ትሁን።»

አልፈርድባቸውም። የስኳርና የቡና ወጪያቸው የሚሸፈነው በእንቁላሏ ነው። ቢሆንም አንድ ቀን ለመንኳቸውና የእንስሳት ሐኪም ወደሆነ ጓደኛዬ ሄድኩ። ሳቀብኝ።

«አልታመመችም፣ ልብስ እየቀየረች ነው! ላባ አብዛኛው ፕሮቲን ነው። እንቁላልም ፕሮቲን ይፈልጋል። ሁለቱን ባንዴ ማድረስ ስለሚከብዳት እንቁላሉን ታቆማለች። በዚያ ላይ የተራቆተ ገላዋ ሌሊት ሙቀት ስለሚያባክን የምትበላው ብርድ መከላከያ ይሆናል። ሁለት ሦስት ወር ታገሷት።»

የፔንግዊንን ሲነግረኝ ደግሞ የኛዋ ዶሮ ዕድለኛ መሰለችኝ። ፔንግዊን በዓመት አንዴ ላባውን ባንድ ላይ ነው የሚያራግፈው። አዲሱ እስኪሞላ ድረስ ውሃ ያስገባበታልና ባሕር ገብቶ ዓሣ ማደን አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ ይበላና ይሰባል፣ ከዚያ ቆሞ ይጾማል። ኤምፐረር የሚባለው ትልቁ ዘር አንድ ወር ያህል ምንም ሳይቀምስ ይቆይና ክብደቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስቡ የሚነደው ላባ ለመሥራትና ሰውነቱን ለማሞቅ ነው። ጡንቻውንም ይበላል። ዳር ላይ ዝም ብሎ የቆመ ሥራ ፈት ይመስላችኋል፤ ውስጡ ግን ፋብሪካ ነው!

አክስቴ ጋ በኑግ ፋጉሎ ተመለስኩ። ከጥሬዋ ጋር ቀላቀልንላት። የሚበቅለው ላባ ደም ስላለበት ያማታልና አትነካኳት መባሉንም ነገርኳቸው። ቢላዋው ወደ ማጀት ተመለሰ።

እናንተም ዶሮ ካላችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አንገቷን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። እንደ እሾህ የሾለ አዲስ ላባ ብቅ ካለ ጊዜ ስጧት።

ከሁለት ወር በኋላ ብሄድ ዶሮዋ አምሮባታል፣ ለኔም እንቁላል ፍርፍር ቀረበልኝ። አክስቴ ቡናውን እየቀዱ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ቋሚ ሥራ እንደሌለኝ ያውቃሉ።

«አንተስ ላባህን መቼ ነው የምትጨርሰው?»