የተጻፈውን ፕሮግራም ጠቅልሎ ስለ ማስረከብ

አምና ተመርቀው የወጡት የኮምፒዩተር ክበባችን አባሎች ለቤተ መጻሕፍታችን የመጽሐፍ ማዋሻ መዝገብ የሚሆን ፕሮግራም በጃቫ ቋንቋ ጽፈው ትተውልን ሄደዋል። ፕሮግራሙ በቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ደኅና ሲሠራ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ግን አልከፈት ብሎ ወራት ከረመ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊም እንደ ቀድሞው በደብተር ይጽፉ ነበር። እኛም የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሆንን ለሚመጣው ዓመት አንገኝም፤ ስለዚህ ሳንወጣ ካልተስተካከለ የታላላቆቻችን ድካም ከንቱ ሊቀር ነው። ሥራው ለእኔ ደረሰኝ።

በጃቫ የተጻፈ ነገር መጀመሪያ መተርጎም፣ ቀጥሎም ጃር በሚባል አንድ ፋይል መጠቅለል አለበት። ይህን የሚያሠራው ሜቨን የተባለው መሣሪያ ነው። ስሙ ከይዲሽ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ዐዋቂ ማለት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን ስሙ በዝቶበታል፤ እርሱ ተራ አስከባሪ ነው እንጂ ሥራውን የሚሠሩት ፕለጊን የሚባሉት ረዳቶቹ ናቸው። አንዱ ይተረጉማል፣ አንዱ ይፈትናል፣ አንዱ ይጠቀልላል። እያንዳንዱ ምን እንዲያደርግ የሚታዘዘው ፖም በተባለው ፋይል ውስጥ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር አሮጌ ስለ ሆነ ያለው ጃቫ 8 ሲሆን የቤተ ሙከራው ጃቫ 17 ነው። ይወጣ የነበረው የስሕተት መልእክትም 61 እና 52 የሚሉ ቁጥሮችን ይጠራል፤ 61 የጃቫ 17፣ 52 የጃቫ 8 መለያ ነው። በተርጓሚው ፕለጊን ሥር «ሪሊዝ» በሚለው ቦታ 17 የነበረውን 8 አደረግሁት። ወዲያው «ቫር» የሚለውን ቃል አላውቅም አለኝ፤ ቃሉ የገባው በጃቫ 10 ነውና። እነዚያን መስመሮች አንድ በአንድ በቀድሞው አጻጻፍ መለስኋቸው።

ከዚያም ሼድ የሚባለውን ፕለጊን ጨመርሁ። ይህ ፕለጊን ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ከውጭ የመጡ ክፍሎች ሁሉ ከእኛው ጋር በአንድ ጃር ያዋሕዳል፤ ሥራው ከየትኛው ክፍል እንደሚጀመርም ማኒፌስት በተባለው ገጽ ላይ ይጽፋል። ያለዚያ ጃሩ ቢከፈትም መነሻውን አያገኝም።

አድካሚው ነገር ኢንተርኔት ነበር። ሜቨን ፕለጊኖቹን በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ ያወርዳል፤ የትምህርት ቤታችን መስመር ደግሞ መሐል ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ሌላ ቦታ አውርጄ ማከማቻውን በፍላሽ አመጣሁ፤ ሜቨንንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አዘዝሁት።

አንድ ጓደኛዬ «ፈተናው ጊዜ ይፈጃል፤ ዝለለው» ብሎ መከረኝ። መዝለል ይቻላል፤ እኔ ግን እንቢ አልሁ። ከፈተናዎቹ አንዱ ነሐሴ 28 ቀን 2015 ለ14 ቀን የተዋሰ መጽሐፍ መስከረም 6 ቀን 2016 መመለሱን ይመረምራል። ያን ዓመት ጳጉሜን 6 ነበረች፤ 5 ብሎ የሚቆጥር ፕሮግራም መስከረም 7 ይላል። ፈተናው ሲወድቅ ሜቨን አይጠቀልልም፤ እኔም የምወድለት ይህንኑ ነው።

አሁን ኃላፊዋ ጃሩን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው ይከፍቱታል። ደብተሩ ግን ለመጠባበቂያ ከመሳቢያው አልወጣም። ፖሙን ከነማብራሪያው ለዐሥረኛ ክፍል አባሎች አስረክቤአለሁ፤ ሁለቱም ፕሮግራሙ ባልነበረበት ኮምፒዩተር ላይ እኔ ሳልናገር ጠቅልለው አሳይተውኛል።