ዘጠኝ ሳፋ

ከኮሌጃችን ጀርባ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። «ጉድጓድ» ይባላል እንጂ መሬቱ አልተቆፈረም፤ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ነው። ዲስኩን ትወረውራላችሁ፣ ከወደቀበት አንሥታችሁ ደግማችሁ ትወረውራላችሁ፣ ቅርጫቱ ውስጥ እስኪገባ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ዲስክ ሰንሰለቱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ለእኔ ጽናጽል ነው የሚመስለኝ። ቅርጫቱን በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የፈለሰፈው ኤድ ሄድሪክ በ2002 ሲሞት፣ በኑዛዜው መሠረት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠራበት። ይህን ለእናቴ ስነግራት አማተበች።

ባለፈው ክረምት ሮም አክስቴ ዘንድ ስሄድ ሦስት ዲስኮች ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። አክስቴ ባዳንቴ ናት፤ የሰው አሮጊት ስትጦር ውላ ማታ የምትገባው ሰላም ፓላስ ነው። ለማታውቁት፦ ከሜትሮ መስመር ኤ መጨረሻ፣ ከአናኒና ብዙም ሳይርቅ የቆመ ትልቅ ባለ መስታወት ሕንፃ ነው። ቀድሞ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ማረፊያ ያጡ የኤርትራ፣ የኢትዮጵያ፣ የሶማሊያና የሱዳን ስደተኞች ይኖሩበታል። ቢሮና መማሪያ ክፍል የነበረው ዛሬ የሰው መኝታ ነው። በ2020 በኮሮና ጊዜ ማንም እንዳይገባና እንዳይወጣ ተከቦ ነበር። ስሙ ግን ሰላም ነው።

የአክስቴን ጎረቤት ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ገና በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ነርስ ልትሆን ነው ሲባሉ ክንዳቸውን ዘርግተው «እስቲ ለኪኝ» አሉኝ። 178 በ102። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ሐኪም አላቸው ወይ ብዬ ስጠይቅ አክስቴ ሳቀች። የ2014ቱ የኢጣሊያ ሕግ አምስተኛ አንቀጽ ያለ ፈቃድ በተያዘ ሕንፃ የሚኖር ሰው በዚያ አድራሻ ረዚደንሳ እንዳያወጣ ይከለክላል። ረዚደንሳ ከሌለ ደግሞ የቤተሰብ ሐኪም ማግኘት መከራ ነው። እውነት ለመናገር የጋሼ ችግር ሕጉ ብቻ አልነበረም። ቺታዲኒ ዴል ሞንዶ የሚባለው ማኅበር ሕንፃው ውስጥ ለዓመታት በነፃ ሲያክም ኖሯል። እሳቸው ግን «እዚያ የሚሰለፈው የባሰበት ነው። እኔን ምን ነካኝ?» ባይ ናቸው። ደም ግፊት ይሄ ነው ክፋቱ፤ አያምም። አንድ ቀን አንጎል ውስጥ ደም እስኪፈስ ድረስ ጤነኛ ነኝ ያሰኛል።

በእግር ይሂዱ ብላቸው «ወዴት?» አሉኝ። «ሥራ የሌለው ሰው ነው ዝም ብሎ የሚዞር።» ይሄን መልስ ከአባቴም ሰምቼዋለሁ፤ የእናንተም አባት ሳይለው አይቀርም። ስለዚህ መድረሻ ሰጠኋቸው።

ኢጣሊያ ውስጥ ከብዙ ደብር ጎን ኦራቶሪዮ የሚሉት የልጆች መጫወቻ ሜዳ አለ። በአቅራቢያችን ያለው ደብር ቄስ ልጆቹ ሳይመጡ በጠዋት እንድንጫወት ፈቀዱልን። ቅርጫት ስለሌለን ከየክፍሉ ዘጠኝ ሳፋ ለምነን ዛፍ ሥር፣ አጥር ሥር፣ ከጎሉ ጀርባ አስቀመጥን። ሰንሰለት የለም፤ ሲገባ «ዷ» ይላል። አክስቴ መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆማ «በደጀ ሰላም ሳህን ትወረውራላችሁ?» ብላ ተቆጣች። የካቶሊክ ግቢ ቢሆንም ነጠላዋን አስተካክላ ነው የገባችው። ጋሼ ዞር ብለው «አንቺ፣ እኛ አገር የገና ለት ጥንጉን የምንመታው ከቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ አልነበር?» አሏት። መልስ አጣች። በሦስተኛው ቀን እሷም ወረወረች።

ጋሼ ዲስኩን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነበር የሚለቁት። በቀኝ እጅ ከግራ ጎን የተወረወረ ዲስክ ኃይሉ ሲደክም ወደ ግራ ያጋድላል። ይህን ከገባቸው በኋላ ከዛፉ ቀኝ እያነጣጠሩ ያሸንፉኝ ጀመር። (አስቀድመው አስጠጉኝ ባሉት ሳፋ ላይ ነው እንጂ።) ከጨዋታ በፊት አምስት ደቂቃ አስቀምጬ ግፊታቸውን እለካለሁ፤ ቁጥሩን የጨዋታው ነጥብ በሚጻፍበት ደብተር ላይ ጎን ለጎን አሰፍራለሁ። አንድ ጠዋት ደብተሩን ተቀብለው ብዙ ካዩት በኋላ «በሁለቱም የሚያሸንፈው ትንሹ ቁጥር ነው ማለት ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲህ በዚህኛው እየተሸነፍኩ ነው።»

እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ መድኃኒት አላዝም። ደብተሩን ግን በዚያው ሳምንት በጎ ፈቃደኛ ሐኪም ዘንድ ራሳቸው ይዘው ሄዱ፤ ሁለት ሰዓት ተሰልፈው። ክኒን ጀመሩ። ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ 148 በ90 ነበሩ። ክኒኑ ነው፣ ጨው መቀነሳቸው ነው፣ ወይስ በየቀኑ መራመዳቸው፣ ለይቼ ልናገር አልችልም፤ መምህሬም እንዲህ ብል ትቆጣኛለች። ረዚደንሳቸው አሁንም አልተገኘም።

ዲስኮቹን ትቼላቸው መጣሁ። አክስቴ ትናንት በስልክ እንደነገረችኝ የስድስተኛው ሳፋ ባለቤት ለልብስ ማጠቢያ ፈልጋ ስለወሰደችው አሁን የሚጫወቱት በስምንት ነው።